ጉቦ ሳይከፈል፣ ተቆጣጣሪም ሳይቀር፦ በጅማ ቤት ለሚሠሩ የፈቃድና የሳይት ቁጥጥር መመሪያ

ለግንባታ ፈቃድ ጉቦ የሚከፍል ሰው ጊዜ የገዛ ይመስለዋል። የገዛው ግን ሌላ ነገር ነው። ተቆጣጣሪው ጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ሜትር እንዳይዘረጋ ነው የከፈለው። መሠረቱ ተሞልቶ አፈር ከለበሰ በኋላ ፌሮው (የአርማታው ብረት) ስንት እንደነበረ የሚመሰክር የለም። ግድግዳው በሦስተኛው ክረምት ሲተረተር ፈራሚው ተዛውሯል፣ ደላላው ስልኩን ቀይሯል፣ ቤቱ ግን የእናንተው ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ አላችሁ። ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ ቀለም ጥሎ እንዲያልፍ ማድረግና ሳይት ላይ የሚቀበረውን ሁሉ ሳይቀበር ማየት።

ምድባችሁን እወቁ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በ2001 ሲወጣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ምድብ ሀ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ደረጃ ቤት ወይም ከሁለት ደረጃ በታች ያለ መኖሪያ ነው፤ ደረጃ ሲባል ምድሩም ይቆጠራል። ምድብ ለ ርቀቱ ከ7 ሜትር ያለፈ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ደረጃ ያለው ነው፤ ብዙው ጂ+1 መኖሪያ እዚህ ይወድቃል። ምድብ ሐ ደግሞ የሕዝብ መገልገያና ተቋም፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ እንዲሁም ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፍ ማንኛውም ሕንፃ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው የሕንፃ ሹም ይባላል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለፈተና አይደለም። የተለመደው ማጉላሊያ ባለ ምድብ ሀን የምድብ ሐ ሰነድ መጠየቅ ነውና ነው። ለአንድ ተራ ሰርቪስ ቤት የአፈር ምርመራ፣ የኤሌክትሪክ ዲዛይን፣ የባለሙያ ኢንሹራንስ ይጠራና ባለጉዳዩ ሲደክም «በሌላ መንገድ ይታያል» ይባላል። መልሱ አንድ ነው፦ «የትኛው አንቀጽ ነው? ይጻፍልኝ።» በምትገቡበት ቀን የሚሠራበትን አዋጅና ደንብ ከቢሮው ጠይቃችሁ ስለ ምድባችሁ የሚናገረውን ገጽ በስልካችሁ አንሡት።

ቋንቋውና ወቅቱ

የጅማ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቅጹም፣ የእርማት አስተያየቱም፣ የክልከላ ደብዳቤውም በዚያው ይወጣል። አንብቦ የማይረዳ ባለጉዳይ ለጉዳይ አስፈጻሚ ሲሳይ ነው። ሦስት ቃል ያዙ፦ ሀያማ ኢጃርሳ የግንባታ ፈቃድ ነው፣ ናጋሄ ደረሰኝ፣ ኮሚ ቅሬታ። ያልገባችሁን ወረቀት ሳትፈርሙ ወደ ቤት ውሰዱና የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ያንብብላችሁ። «ዝም ብለህ ፈርም፣ ፎርማሊቲ ነው» የተባለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ፎርማሊቲ አይደለም።

ስለ ወቅቱ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም፣ ግን ግማሹ ጉዳይ እሱ ነው። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ ለቁፋሮ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ፋይሉን ይዞ የሚመጣ ሰው ግንበኛ ቀጥሮ፣ ሲሚንቶ ገዝቶ፣ ቀን እየቆጠረ ነው የሚመጣው። ጥድፊያው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ጉቦ የሚጠየቀውም እሱ ነው። እናንተ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ አስገቡ። የሊዝ ውላችሁ ላይ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን ካለ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ተነሡ፤ ቀኑ ሊያልፍበት አንድ ወር የቀረው ባለይዞታ የመደራደር አቅም የለውም።

ዲዛይን የሚሠራው ማነው

«እገሌ ጋ አሠራው፣ ቶሎ ያልፍልሃል» ሲባል ጆሯችሁ ይቁም። ፕላኑን የሚመረምረው ሰው ራሱ፣ ወይም የቅርብ ሰው፣ በሌላ ስም ዲዛይን ይሸጣል ማለት ነው። ፕላኑ በርግጥ ያልፋል፤ ግን የመረመረው የለም።

ሁለተኛው ጣጣ የማኅተም ኪራይ ነው። አንድ ያልተመዘገበ ልጅ ከሌላ ቤት የተቀዳ ሥዕል ያቀርባል፣ የተመዘገበ መሐንዲስ ሳያየው ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ለማጣራት ቀላል ነው። የባለሙያውን የምዝገባ ወረቀት ጠይቁና የእድሳት ቀኑን እዩ። ከዚያ ደውሉና «መሠረቱን ስንት ሜትር አደረግኸው? ለምን?» በሉት። የሠራው ሰው ወዲያው ይመልሳል። ማኅተም ያከራየ ግን «ፋይሉን ልየው» ይላል። ውሉን ከማኅተሙ ባለቤት ጋር ተፈራረሙ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይት መጥቶ መሠረትና ሶሌታ (የፎቁን የአርማታ ወለል) እንዲያይም በውሉ አስገቡ።

ፋይሉን ስታስገቡ

ካርታ ወይም የሊዝ ውል፣ የዘመኑ ግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ሥዕል፣ እንደ ምድቡም የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ) እና የኤሌክትሪክ። የቅጂውን ብዛት ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብቡ፤ የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰሌዳ ላይ አገልግሎቱ የሚወስደው ቀንና ክፍያው መጻፍ አለበት። ፎቶ አንሡት። ሰሌዳው ከወረደ፣ የወረደበትን ባዶ ግድግዳም አንሡ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። በመጨረሻው መስመር «ከዚህ ጋር የተያያዘ፦» ብላችሁ እያንዳንዱን ሰነድ ከነገጽ ብዛቱ ዘርዝሩ፤ «ስትራክቸር 9 ገጽ፣ የካርታ ፎቶ ኮፒ 2 ገጽ» እያላችሁ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል። ሌላው ቀሪ ነው፤ ገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተቀባዩ ፊርማ ሳያርፍበት ከመስኮቱ አትነሡ። «ፋይልህ ጠፋ» የሚለው ዜና ይህን ቀሪ ለያዘ ሰው አይነገርም። «አንድ ገጽ ይጎድላል» የሚለውም በዝርዝሩ ይከሽፋል።

ቀጠሮ በቃል አትቀበሉ። «ነገ ና» ከተባላችሁ ማስታወሻ ደብተራችሁን አውጡና ቀን፣ ሰዓት፣ የቢሮ ቁጥርና የባለሙያውን የሥራ መደብ እሱ እያየ ጻፉ። ድምፃችሁ ከፍ አይበል፤ «እንዳልረሳው ነው» በሉ። ሲጻፍ የሚያይ ሰው ሌላ ይሆናል።

ፕላኑ ተመልሶ ከመጣ እርማቱ በጽሑፍና በአንድ ጊዜ ይሁን። ዛሬ ደረጃው፣ በሳምንቱ መስኮቱ፣ በወሩ ሴፕቲክ ታንኩ እየተባለ የሚንጠባጠብ እርማት ምርመራ አይደለም፣ ማለዘቢያ ነው። ሁለተኛው እርማት ሲመጣ ለክፍሉ ኃላፊ ይህችን አጭር ደብዳቤ አስገቡ፦ «በቀን … በቁጥር … የተሰጠኝን እርማት አስተካክዬ አቅርቤአለሁ። በመጀመሪያው ምርመራ ያልተጠቀሰ ተጨማሪ ነጥብ ስለተነሣ የቀረ እርማት ካለ ሁሉም በአንድ ደብዳቤ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» የባለሙያው ስም አያስፈልግም። ኃላፊው ራሱ ያውቃል።

ገንዘብ

ሕጋዊ ክፍያ ሦስት ምልክት አለው፦ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና የአገልግሎቱ ስም። በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ ተቀባዩ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ መሆን አለበት። የግለሰብ ስልክ ቁጥር ከተሰጣችሁ ያ ክፍያ አይደለም። «የነዳጅ»፣ «የሻይ»፣ «ለልጆቹ» የሚባሉት ሁሉ ደረሰኝ የላቸውም። ተቆጣጣሪ መኪና ሲያጣ ሳይት መምጫ የመሥሪያ ቤቱ ጣጣ እንጂ የእናንተ አይደለም። ባጃጅ ብትከፍሉለት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ባጃጅ ካልላካችሁ አይመጣም።

የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪንም ተቀባይንም ይከስሳል። ከፍላችሁ ከቆያችሁ በኋላ «ተገድጄ ነው» ማለት ቀላል መከላከያ እንዳይመስላችሁ።

ቦታው ከሥዕሉ ሲለይ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ንጹሕ ሰው የሚጠመደው እዚህ ነው። ሥዕሉ ቢሮ ተቀምጦ ተሠርቷል፣ ጉድጓዱ ሲከፈት ሌላ አፈር ይወጣል። በጅማ ከፍ ያለው ወገን፣ ወደ ጅሬን ያለው፣ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው። በአዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያወርደው ዝቅተኛ ሜዳ ግን ኮቲቻው፣ ጥቁሩ መረሬ፣ አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን ከነግድግዳው ያነሣዋል፣ ያወርደዋል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አፈሩን በፀሐይ አድርቃችሁ ፍጩትና በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ባለ 100 ሚሊ ሊትር የመለኪያ ብርጭቆ በውኃ ሙሉ፣ 10 ሚሊ ሊትር ዱቄት ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ 24 ሰዓት ተዉት። ከታች የተኛው አፈር 15 መስመር ከደረሰ ያሰጋል። 20 ከደረሰ ያለ መሐንዲስ አንድ ድንጋይ አታስቀምጡ። ይህ የላብራቶሪ ውጤትን አይተካም፣ ግን ላብራቶሪ መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

አፈሩ ከሥዕሉ ከተለየ ፎርማኑ «ትንሽ ዝቅ እናድርገው» ይላል። አታድርጉ፣ ማለቴ በቃል አታድርጉ። መሐንዲሱ አይቶ ሥዕሉን ያስተካክል፣ የተስተካከለው ተመልሶ ይጽደቅ። ያልጸደቀ ለውጥ፣ ጥሩ ለውጥ እንኳን ቢሆን፣ ተቆጣጣሪው ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ገመድ ነው፦ «ፕላኑና ሥራው አይገናኝም፣ ላስቆምህ ወይስ…»። ክፍል መጨመር፣ መስኮት ወደ ጎረቤት መክፈት፣ በረንዳ ማስረዘም ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ለጉቦ ጠያቂ የሚበጀው ባለቤቱ ራሱ የሠራው ጥፋት ነው። ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር አፈር መልሳችሁ ለመሙያ አትጠቀሙበት፤ ሰለክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) አስመጡና በ20 ሳንቲ ሜትር ደርብ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ።

ከመሞላቱ በፊት

ከአርማታ ሙሌት በፊት ለሕንፃ ሹሙ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በተመሳሳይ አሠራር፣ በቀሪና በገቢ ቁጥር። ቀኑንና ሰዓቱን ግለጹ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ የጸደቀው ሥዕል ሳይት ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀው።

የላላ ቁጥጥር ዋና ምልክቱ ከቢሮ የሚመጣ ፊርማ ነው። «ወረቀቱን አምጣ፣ ልፈርምልህ፣ መምጣት አያስፈልግም» ሲባል ደስ ይላል፣ ቀን ይቆጥባል። ግን ቅጹ ላይ «የተለካ ጥልቀት፦» የሚል መስመር ራሳችሁ ጨምሩና እንዲሞላው አቅርቡለት። ሳያይ ቁጥር ለመጻፍ ብዙ ሰው ይፈራል፤ ያን ጊዜ ይመጣል። ባይመጣ ሌላ ማሳወቂያ አስገቡ። በዚህ መካከል የምትጠፋው ቀን ከሰንጣቃ ግድግዳ ታንሳለች።

እሱ መጣም ቀረም እናንተ እነዚህን ለኩ። ምሳሌ እንውሰድ። 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፉቲንግ (የምሰሶ መሠረት) ዘጠኝ አላችሁ እንበል። ፌሮው ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ። ከጎንና ከጎን 5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ሲቀነስ 1.40 ሜትር ይቀራል፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 11 ዘንግ፣ በድምሩ 22 ይወጣል። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) በየ20 ካሰረው 16 ብቻ ነው። ስድስት ዘንግ በአንድ ፉቲንግ፣ በዘጠኙ 54 ዘንግ፣ ወደ 67 ኪሎ ፌሮ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሜትር መዘርጋት ብቻ የማይበቃው፣ ዘንጉን በጣት ቁጠሩ። ፌሮው በቀጥታ አፈር ላይ እንዳይተኛ ከታች የ5 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ስፔሰር ይግባ፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ሸርተት ይላል፣ እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል።

ኮለን (ምሰሶ) ላይ የሚሰረቀው ስታፋው፣ ዘንጎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት፣ ነው። 3 ሜትር ኮለን በየ15 ከታሰረ 21 ስታፋ ይይዛል፣ በየ25 ከሆነ 13። ከታችና ከላይ ጫፉ ላይ ሥዕሉ እንዲያውም ጠበቅ እንዲል ይጠይቅ ይሆናል፣ እዩት። የፌሮ መደራረቢያው ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ውፍረት 40 እስከ 50 እጥፍ ነው፤ ባለ 14 ከሆነ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር። አንድ ስንዝር ተደራርቦ ካያችሁ ሙሌቱን አስቁሙ።

ፌሮው ራሱ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) በሚዛን ስታስቀምጡት ባለ 8 ወደ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ወደ 7.4፣ ባለ 12 ወደ 10.7፣ ባለ 14 ወደ 14.5፣ ባለ 16 ወደ 18.9 ይመዝናል። አምስቱን አንድ ላይ መዝናችሁ ለአምስት አካፍሉ። ከመቶ አራት አምስት ቢጎድል ይታለፋል። አሥር ከጎደለ መኪናው ሳይሄድ መልሱት።

ሲሚንቶውን በባዶ ከረጢት ቁጠሩ። ዘጠኙ ፉቲንግ 8.1 ሜትር ኩብ ነው። ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ብንይዝ 2,916 ኪሎ፣ ማለትም 58 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይሄዳል። ማታ ባዶው ከረጢት 48 ከሆነ አሥሩ የት ገባ? የመለኪያ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንዱ ሳጥን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ነው። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። አካፋ መለኪያ አይደለም። ውኃ ለአንድ ከረጢት ከአንድ ባለ 25 ሊትር ጄሪካን አይለፍ፣ አሸዋው በዝናብ ከራሰ ደግሞ ይቀነስ። ሠራተኛው ለማፍሰስ ይመቸዋል ብሎ ውኃ ሲጨምር ማንም እንደ ስርቆት አያየውም፣ ከሲሚንቶው መጉደል የማይተናነስ ጉዳት ግን ያመጣል።

ለሶሌታ 15 በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር ስድስት ኪዩብ (ጥንካሬው የሚፈተንበት የአርማታ ናሙና) አስወስዱ፦ ሦስቱ ለ7 ቀን፣ ሦስቱ ለ28። ኪዩቡ ከመፍሰሻው መካከል ይወሰድ፣ ፎርማኑ ለብቻው ባዘጋጀው ጥሩ ድፍድፍ አይሁን። ቀንና ቁጥር በምስማር ጫሩበት። ውጤቱን ራሳችሁ ከላብራቶሪው ተቀበሉ፣ በኮንትራክተሩ እጅ አይምጣ። ሶሌታውን ቢያንስ 7 ቀን ውኃ አጠጡ፣ ድጋፉ አጠና መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሣ፤ ከ14 ቀን በፊት አንሡ የሚላችሁ ሰው እንጨቱን ለሌላ ሳይት ፈልጎት ይሆናል።

ፎቶ ስታነሡ ሦስት ነገር ፍሬም ውስጥ ይግባ፦ የተዘረጋው ሜትር፣ ቀንና የፋይል ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ ከኋላም ቦታውን የሚያሳውቅ ነገር፣ የጎረቤት አጥር ወይም የመብራት ምሰሶ። ያለ እነዚህ ፎቶው የማንኛውም ጉድጓድ ፎቶ ነው። ሳይት ላይ አንድ መዝገብ ይኑር፤ የመጣ ባለሙያ ሁሉ ያየውንና ያዘዘውን እዚያ ጽፎ ይፈርም።

እምቢ ሲባል

በቃል የተጠየቃችሁትን ገንዘብ ራሳችሁ ለማጋለጥ ብላችሁ አትስጡ። አስቀድማችሁ ለፖሊስ ወይም ለኦሮሚያ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ካላመለከታችሁ ገንዘቡን ሲሰጥ የተያዘው እናንተ ትሆናላችሁ። ጠቋሚንና ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ስታመለክቱ ጥበቃውን በስሙ ጠይቁ።

ጉቦ ካልሆነ፣ ዝም ብሎ ክልከላ ወይም መዘግየት ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ አዋጁ ለሕንፃ ሹም ውሳኔ ላቆመው ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ጎን ለጎን ለከተማው ቅሬታ ሰሚ። የአስተዳደር በደል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ይቀርባል። ሁሉንም በአንድ ቀን አታጥለቅልቁ፤ እያንዳንዱ «ሌላው ጋ ነው ያለው» ብሎ ያስቀምጠዋል። የጽሑፍ ክልከላ በደረሳችሁ ሳምንት ይግባኙን አስገቡ።

ቅሬታው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቅጽል አታብዙበት፤ «ሙሰኛ» የምትለው ቃል አንድ ጊዜም ባትገባ ይሻላል። ቀን፣ ገቢ ቁጥር፣ የተባለው ነገር፣ የተያያዘው ወረቀት፣ የምትጠይቁት ውሳኔ፣ አለቀ። በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይግባ፣ የአማርኛው ረቂቅ እናንተ ጋ ይቅር።

ኃላፊ ከሆናችሁ

አንባቢው የክፍሉ ኃላፊ ከሆነ የሚጠቅሙት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ፋይል በገቢ ቁጥር ቅደም ተከተል ይታይ፣ ተራውም በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሳይት የሚወጡት ሁለት ሆነው ይውጡ፣ ጥንዱ በየወሩ ይቀያየር። ከተፈረመባቸው ሙሌቶች ጥቂቱን በዕጣ አውጥታችሁ የፎቶና የልኬት ማስረጃቸውን ከፋይሉ ጠይቁ። እርማት በቃል የሰጠ ባለሙያ እርማቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠር። ደግሞ መኪና ይመደብላቸው፤ ያለ መኪና የተላከ ተቆጣጣሪ ወይ አይሄድም ወይ በባለጉዳዩ መኪና ይሄዳል።

ቤቱ ሲያልቅ የጸደቀውን ሥዕል፣ ማሳወቂያዎቹን፣ የሳይት መዝገቡን፣ የኪዩብ ውጤቱንና ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል እሰሩ፣ ሙሉ ፎቶ ኮፒውንም ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ ፎቅ ለመጨመር ስትነሡ ወይም ቤቱን ስትሸጡ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።